ሻውሎንግባው ለመብላት ስትወጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኒውዮርክን 7 ቁጥር ባቡር ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ከሄዳችሁ የምትወርዱት ፍላሺንግ ነው። ኩዊንስ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፤ የቻይና ምግብ የሚወድ ሰው ዛሬ ከማንሃተኑ ቻይናታውን ይልቅ እዚህ ይሄዳል። እዚያ ያሉ ብዙ ቤቶች የሚታወቁት በሻውሎንግባው ነው፦ ውስጡ ትኩስ ሾርባ የያዘ፣ በእንፋሎት የሚበስል ትንሽ ዳምፕሊንግ (መሙያ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚሠራ ምግብ)። ከታች ያሉት ጥያቄዎች የእኛ ሰዎች ወደነዚህ ቤቶች ከመሄዳቸው በፊት፣ አንዳንዴም ቅርጫቱ ፊታቸው ተቀምጦ እያለ የሚጠይቋቸው ናቸው። መልሱ ፍላሺንግን እያሰብኩ የጻፍኩት ቢሆንም ቶሮንቶም ሆነ ለንደን ላለ ሰው አብዛኛው ያገለግላል።

ሻውሎንግባው ምንድን ነው? ከሌላው ዳምፕሊንግ በምን ይለያል?

በዱቄትና በውሃ የተለወሰ ቀጭን የስንዴ ሊጥ ነው። መሃሉ ላይ የተፈጨ ሥጋ ይደረግበትና ጠርዙ ዙሪያውን እየታጠፈ አናቱ ላይ ይቋጠራል። ክዳን ባለው የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ በእንፋሎት ይበስላል፤ በዚያው ቅርጫት ከነትኩሳቱ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። አንድ ቅርጫት እንደየቤቱ ስድስት፣ ስምንት ወይም አሥር ፍሬ ይይዛል። ከሌላው የሚለየው ሾርባው ነው። ሌላው ዳምፕሊንግ ሾርባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በዚህኛው ግን ሾርባው ነው ዳምፕሊንጉ ውስጥ ያለው።

ዘመዶችም አሉት። ሸንግጂያንባው የሚባለው ወፈር ያለ ሊጥ አለው፤ መጥበሻ ላይ ተጠብሶ ታቹ ኮሽ ኮሽ ይላል፣ ላዩ ላይ ሰሊጥና የሽንኩርት ቅጠል ይነሰነስበታል። እሱም ሾርባ አለው፤ እንዲያውም ሳያስቡ የነከሱት ዕለት ሾርባውን ሸሚዝ ላይ የሚረጨው እሱ ነው። ጂያንግሱ ግዛት ውስጥ ደግሞ ሰሃን የሚሞላ ትልቅ ታንግባው አለ፤ ሾርባው በስትሮ ተመጥጦ ይጠጣል።

ሾርባው ውስጡ እንዴት ገባ?

በመርፌ ተወግቶ የገባ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የአሳማ ቆዳ ለሰዓታት ሲቀቀል ውስጡ ያለው ኮላጅን ወደ ጄላቲን ይለወጣል። ይህ ፈሳሽ ተጣርቶ ፍሪጅ ሲገባ ይረጋል። የረጋው በደቃቁ ይከተፍና ከተፈጨው ሥጋ ጋር ይደባለቃል። ሠራተኞቹ ሊጡን ሲያጥፉት ውስጡ ያለው ነገር በሙሉ ጠጣር ነው፤ እንፋሎት ላይ ስድስት፣ ሰባት ደቂቃ ሲቆይ የረጋው ቀልጦ ሾርባ ይሆናል።

ይህን መያዝ ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ግማሹ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ለምን ወዲያው መበላት እንዳለበት፣ ለምን ቤት ይዞ መሄድ እንደማይመከር፣ አሳማ የማይበላ ሰው ለምን «የዶሮ» የሚል ጽሑፍ አይቶ ብቻ ማዘዝ እንደሌለበት፣ ሁሉም ከዚህ የረጋ ሾርባ ጋር የተያያዘ ነው።

የሻንጋይ ነው ወይስ የታይዋን?

የትውልድ ቦታው ናንሺያንግ ነው፤ ድሮ ለብቻዋ የነበረች፣ ዛሬ የሻንጋይ ጂያዲንግ ወረዳ ክፍል የሆነች ትንሽ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1871 ገደማ ሁዋንግ ሚንግሺያን የሚባል ነጋዴ የለመደውን ትልቁን ቡን (በእንፋሎት የሚበስል፣ መሙያ ያለው ዳቦ) ትቶ፣ ሊጡን አሳስቶና መጠኑን አሳንሶ መሸጥ እንደጀመረ ይነገራል። በ1900 ደግሞ ሻንጋይ መሃል ከተማ፣ ዩዩዋን የአትክልት ስፍራ ዘንድ ይህንኑ የሚሸጥ ሱቅ ተከፈተ። ሱቁ ዛሬም አለ፤ ወረፋውም እንደዚያው።

ዓለም ያወቀው ግን በታይዋን በኩል ነው። ከቻይናዋ ሻንሺ ግዛት ወደ ታይዋን የተሻገረው ያንግ ቢንግዪ እ.ኤ.አ. በ1958 ታይፔ ውስጥ ዲን ታይ ፉንግ የሚባል የምግብ ዘይት ሱቅ ከፈተ። በቆርቆሮ የታሸገ ዘይት መጥቶ ገበያው ሲቀዘቅዝበት በ1972 የሱቁን ግማሽ ለሻውሎንግባው ለቀቀ። ኒውዮርክ ታይምስ በ1993 ቤቱን ከዓለም አሥር ምርጥ ምግብ ቤቶች መካከል ቆጠረው፤ ከዚያ በኋላ ቶኪዮ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሆንግ ኮንግ እያለ ተዳረሰ። የዚህ ቤት መለኪያ የታወቀ ነው፦ 5 ግራም ሊጥ፣ 16 ግራም መሙያ፣ 18 እጥፋት። ያንግ እ.ኤ.አ. በ2023 በ96 ዓመቱ አረፈ። ዘይት አልሸጥ ብሎት ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ የመጣው።

ኒውዮርክን ይህን ምግብ ያስለመደው ግን ዲን ታይ ፉንግ አይደለም። በ1990ዎቹ ፍላሺንግ ላይ የተነሣው ጆዝ ሻንጋይ ነው፤ በ2006 ናንሺያንግ ሻውሎንግባው ተከተለ። ዲን ታይ ፉንግ ማንሃተን የገባው ገና በ2024 ነው።

አሳማ አልበላም። የዶሮውን ባዝዝ ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ምናሌው ላይ «የዶሮ» ተብሎ የሚጻፈው የተፈጨውን ሥጋ ዓይነት የሚናገር ነው፤ ስለ ሾርባው የሚለው ነገር የለም። ብዙ ወጥ ቤቶች የረጋውን ሾርባ በትልቅ ዕቃ አንዴ ከአሳማ ቆዳ ሠርተው ለሁሉም ዓይነት ያንኑ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ሥጋው ዶሮ፣ ሾርባው አሳማ ሊሆን ይችላል። የሸርጣኑ ደግሞ ከስሙ በቀር ባብዛኛው አሳማ ነው፤ በተፈጨ የአሳማ ሥጋ ላይ የሸርጣን ሥጋና እንቁላሉ ተጨምሮበት ነው የሚሠራው። ኦርቶዶክስም ሁኑ ሙስሊም፣ ወይም ኮሸር የሚጠብቅ የቤተ እስራኤል ልጅ፣ ሸርጣኑ «የባህር ምግብ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ምናሌው ሌላ ሳይጨምር «ሥጋ» ብቻ ካለም አሳማ ማለቱ ነው ብላችሁ ውሰዱት።

እንግዲህ ጥያቄያችሁ «አሳማ አለበት?» ብቻ ከሆነ አስተናጋጁ የሚያስበው ስለ ሥጋው ነው፤ በቅን ልቦና «የለበትም» ሊላችሁ ይችላል። ጥያቄውን ከፋፍላችሁ አቅርቡ። ሥጋው ምንድን ነው? የሚረጋው ሾርባ ከምን ቆዳ ወይም አጥንት ነው የሚሠራው? ቅርጫቱስ ከአሳማው ጋር ተደራርቦ ነው የሚበስለው? የመጨረሻው ጥያቄ ለአንዳንዱ ሰው ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ ቅርጫቶቹ ግን አንድ ድስት ላይ አምስትና ስድስት ሆነው ተደራርበው ስለሚቀመጡ የላይኛው የሚያገኘው የታችኛውን እንፋሎት ነው። አስተናጋጁ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆ ከተመለሰ መልሱን ማመን ይቻላል። ቆሞ እያለ «ኖ ፖርክ፣ ኖ ፖርክ» ካለ እኔ ሌላ ነገር አዛለሁ።

ሃላል ሻውሎንግባው የሚባል ነገር አለ?

አለ፤ የራሱ ታሪክ ያለው ነው እንጂ ሰሞኑን የተፈለሰፈ አይደለም። ቻይና ውስጥ ሁዊ የሚባሉ ሙስሊሞች አሉ፤ ሺያን ከተማ ውስጥ ታላቁ መስጊድ ያለበት የሙስሊሞች ሰፈር በምግቡ የታወቀ ነው። እዚያ ጂያ ሳን የሚባለው ቤት ስሙን ያተረፈው ሾርባ ባለው የበሬ ሥጋ ዳምፕሊንግ ነው። ሾርባው ከበሬ አጥንት ይወጣል፤ ጣዕሙም ከሻንጋዩ ይለያል። የሻንጋዩ ወደ ጣፋጭነት ያደላል፣ የሺያኑ ቅመሙ ይበረታል። ለእኛ ምላስ የሺያኑ ይቀርባል ባይ ነኝ።

ከቻይና ውጭ የእነዚህን ሙስሊሞች ቤት የምትለዩት «ቺንግጀን» በሚለው የቻይንኛ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ከዐረብኛ ጽሑፍ ጋር ሆኖ በር ላይ ይሰቀላል። የላንዦ ኑድል የሚሸጡ ቤቶች አንዳንዶቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ምልክቱ በሌለበት ተራ ቤት ግን ሥጋውና ሾርባው የበሬ ወይም የዶሮ ቢሆን እንኳ ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ሻውሺንግ የሚባል የሩዝ ወይን። የሻንጋይ አብሳይ ሥጋውን ሲያሽ ይህን ወይን ጠብ ማድረጉ ልማድ ነው፤ ምናሌው ላይ ግን አይጻፍም።

ጾም ላይ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር መቀመጥ እችላለሁ?

መቀመጥ ትችላላችሁ፤ ሻውሎንግባውን ግን እርሱት። ሾርባውን ሾርባ የሚያደርገው የእንስሳ ጄላቲን ስለሆነ «የአትክልት» የሚባለው ባብዛኛው ሾርባ የሌለው ተራ ዳምፕሊንግ ነው፤ ለዚያውም ውስጡ እንቁላል መኖሩ የተለመደ ነው።

የሻንጋይ ማዕድ ግን ለጿሚ ደግ ነው። ካውፉ የሚባል ቀዝቃዛ ምግብ አለ፦ ከስንዴ ፕሮቲን የሚሠራ፣ ስፖንጅ የመሰለ፣ ከእንጉዳይና ከለውዝ ጋር በጣፈጠ ሶያ ሶስ የተቀቀለ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ከዚያ ቤት የሚታዘዝ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። በነጭ ሽንኩርትና በአቼቶ የተለወሰ ቅጥቅጥ ኪያርም አለ። መጠንቀቅ ያለባችሁ አትክልት መስለው ከሚመጡት ነው። የተጠበሰ ፎሶሊያ ላዩ ላይ የተፈጨ አሳማ ይነሰነስበታል፤ ማፖ ቶፉ ስሙ ቶፉ (ከሶያ የሚሠራ) ቢሆንም ሥጋ አለበት፤ ሽንኩርት ያለበት ቂጣ በአንዳንድ ቤት በአሳማ ሞራ ይላወሳል፤ ቅጠላ ቅጠሉ ደግሞ በኦይስተር ሶስ ወይም በዶሮ መረቅ ሊመጣ ይችላል። ፍላሺንግ ውስጥ የቡድሂስቶች የአትክልት ምግብ ቤቶችም አሉ፤ ሁዳዴን ሙሉ እዚያ መመላለስ ይቻላል። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ግን አትጠብቁ፤ የቡድሃ ጾም እነዚህንም ይከለክላል።

ወረፋው ምን ይመስላል? ቦታ ማስያዝ ይቻላል?

ትልልቆቹ ቤቶች በስልክ መተግበሪያ ያስመዘግባሉ፤ ትንንሾቹ በር ላይ ቁጥር ወይም ስም ይይዛሉ። ቅዳሜና እሑድ ምሳ ሰዓት ቤተሰብ ከነአያቱ ስለሚመጣ ይጨናነቃል። ከምሳ በኋላ ከራት በፊት ያለው ሰዓት ይመረጣል። ሁላችሁም ካልተሟላችሁ አያስቀምጡም፤ «መንገድ ላይ ነው፣ እየደረሰ ነው» የሚለው የሀበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ክብ ጠረጴዛ ልትጋሩ ትችላላችሁ፤ እንደ ክብር ማጣት አትቁጠሩት።

እየጠበቃችሁ ሳለ መስታወቱን ተመልከቱ። ብዙ ቤቶች ዳምፕሊንግ የሚሠሩትን ሰዎች በመስታወት ያሳያሉ። አንዷ ሊጡን እንደ ገመድ አርዝማ ትቆራርጣለች፤ ሌላው በአጭር ዘንግ እየዳመጠ ያከበዋል፣ ጠርዙን አሳስቶ መሃሉን ትንሽ ያወፍረዋል፤ ሦስተኛዋ ሥጋውን መሃሉ ላይ ታስቀምጥና በግራ እጇ እያሽከረከረች በቀኟ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ትቆነጥጠዋለች። ቁንጥጫው ከማለቁ በፊት ቀጣዩ ሊጥ እጇ አጠገብ ደርሷል። ወሬ እያወሩ ነው ይህን የሚያደርጉት።

ስንት ቅርጫት እንዘዝ?

ለሁለት ሰው አንድ ቅርጫት ብሉና ሌላ ጨምሩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አራት ቅርጫት በአንዴ ያዝና ሁለተኛውን ሳይጨርስ ሦስተኛውና አራተኛው ይቀዘቅዛሉ። የቀዘቀዘ ሻውሎንግባው ሊጡ ይደርቃል፣ ቅርጫቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሲነሣ ታቹ ይቀደዳል።

ምግብ የሚመጣው እንደደረሰ ነው፤ መጀመሪያ ይህ፣ ቀጥሎ ያ የሚል ተራ የለም። ሁሉም መሃል ላይ ይቀመጥና ይጋራል፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከሻውሎንግባው ጋር አንድ ቀዝቃዛ ነገር፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ ኑድል ወይም ኒያንጋው የሚባለውን የሩዝ ሊጥ ጥብስ ብትጨምሩ ለሦስት ሰው ይበቃል።

የሸርጣኑ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሚበላ ሰው ተጨማሪው ያዋጣኛል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ መልሴ እንደየቦታው ነው። ሻንጋይ ላይ በበልግ፣ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በዘጠነኛውና በአሥረኛው ወር፣ ባለ ፀጉሩ ሸርጣን የሚደርስበት ጊዜ ስለሆነ ያዋጣል። አሜሪካ ግን ያንን ሸርጣን ከነሕይወቱ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ አካባቢን የሚጎዳ ወራሪ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ እዚህ የምታገኙት ሌላ ሸርጣን ነው።

ምላሴን ሳላቃጥል እንዴት ልብላው?

አትቸኩሉ፤ ብዙም አትቆዩ። ክዳኑ ሲነሣ እንፋሎቱ ፊታችሁን ይመታል። አንድ ሁለት ደቂቃ ስጡትና ጀምሩ።

በቾፕስቲክ ያዙት፣ ግን ሆዱን አይደለም፤ አናቱ ላይ የተቋጠረውን ያዙ። ሊጡ ወፈር ያለው እዚያ ነው፣ ስለዚህ አይቀደድም። ወዲያው ወደ ላይ አትሳቡ፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጋችሁ ከታቹ አላቁት፣ ከዚያ አንሡት። በትክክል የተሠራ ከሆነ ስታነሡት ሆዱ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ውስጡ የሚንቀሳቀሰው ሾርባ በቀጭኑ ሊጥ በኩል ጥላው ይታያል። ማንኪያው ላይ አሳርፉት። የሚሰጣችሁ የሸክላ ማንኪያ ጎድጎድ ያለው ለዚህ ነው። ጎኑ ላይ በጥርሳችሁ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ክፈቱ፤ እንፋሎቱ ይውጣ። ሾርባውን ፉት በሉት። ቢቀር ማንኪያው ላይ ይፍሰስ፣ አይጠፋም። ቀጥሎ ዝንጅብልና አቼቶ ጨምራችሁ የቀረውን በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ ጨርሱት።

ቾፕስቲክ አልሆን ካላችሁ በማንኪያ እየገፋችሁ ወደ ሌላ ማንኪያ አስገቡት፤ ማንም አይስቅም። ሹካ ግን ጠላቱ ነው። አንድ ጊዜ ከተወጋ ሾርባው ቅርጫቱ ታች ይሄዳል፣ የሚቀራችሁ ተራ የተቀቀለ ሥጋ በሊጥ ነው። በእጅ ማንሣትም አይሆንም፤ እንጀራ የለመደ እጅ ቶሎ ይዘረጋል፣ ቶሎም ይቃጠላል።

ማጣቀሻው ምንድን ነው? ሚጥሚጣ ብጨምርበትስ?

ጥቁር አቼቶ ነው፤ ጀንጂያንግ ከምትባል የጂያንግሱ ከተማ የሚመጣ፣ ከሩዝ የሚጠመቅ፣ ከነጩ አቼቶ ለስለስ ያለና ትንሽ የሚጣፍጥ። በላዩ እንደ ክር የተከተፈ ጥሬ ዝንጅብል ይደረጋል። ሻንጋይ ላይ ከዚህ ሌላ ብዙም አያስፈልጋቸውም። የታይዋኑ ልማድ ሶያ ሶስ ጠብ ያደርግበታል፤ አንድ እጅ ሶያ ለሦስት እጅ አቼቶ። መሙያው ራሱ ጨው ስላለው ሶያውን አታብዙት።

አቼቶው ለጌጥ አይደለም፤ የጄላቲኑንና የስቡን ክብደት የሚቆርጠው እሱ ነው። ያለ አቼቶ አራተኛው ፍሬ ላይ ይታክታችኋል። ሚጥሚጣን በተመለከተ፦ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የምትዞር አክስት የሌለችው ሀበሻ የለም። አንዱን ያለ ምንም ቅመሱ፣ ከዚያ በራሳችሁ ሰሃን ላይ እንደፈለጋችሁ አድርጉ። ቤቱ ራሱ በዘይት የተነከረ ቃሪያ ያቀርባል፤ ጠይቁ።

ጉርሻ መስጠት ይቻላል?

በዚህ ምግብ አይሞከርም። እንግዳ ማክበር ከፈለጋችሁ ከቅርጫቱ አንሥታችሁ ማንኪያው ላይ አኑሩለት፤ ቻይናውያንም ለሚያከብሩት ሰው እንዲሁ ያደርጋሉ። በሰው አፍ ውስጥ የፈላ ሾርባ ማፍረጥ ግን ፍቅር አይሆንም።

ጥሩ ቤት መሆኑን በምን እለያለሁ?

የእጥፋቱን ቁጥር እየቆጠረ የሚፈርድ ሰው አለ። 18 ይሁን 20፣ ለምላስ የሚለወጥ ነገር የለም። የምታዩት ሦስት ነገር ነው። ሊጡ ስታነሡት ሳይቀደድ ይይዛል ወይ? አናቱ ላይ ያለው ቋጠሮ በስሏል ወይስ እንደ ጥሬ ሊጥ ጥርስ ላይ ይጣበቃል? ሾርባው ጥርት ብሎ ከንፈር ላይ ለጠቅ የሚል ነው ወይስ ዘይት ብቻ? የመጨረሻው ዋነኛው ነው። ከንፈራችሁ ትንሽ ከተጣበቀ ቆዳው በደንብ ተቀቅሏል ማለት ነው፤ ዘይት ብቻ ከሆነ ሰነፍ ወጥ ቤት ነው።

ከቅርጫቱ ውስጥ አንዱ ተቀዶ ቢመጣ የተለመደ ነው፣ ዝም በሉ። ግማሹ ፈስሶ ከመጣ ግን ለአስተናጋጁ አሳዩት፤ ሥራቸውን የሚያከብሩ ቤቶች ሳያጉረመርሙ ይቀይሩታል። ብዙ ቀለም ያለው፣ ትራፍልና ቺዝ የገባበት ስምንት ዓይነት በአንድ ቅርጫት የሚያቀርቡም አሉ። ለፎቶ ያምራል። እኔ ተራውን አዝዤ በእሱ እፈርዳለሁ።

ልጆች ይዤ ልሂድ?

ሂዱ፤ የቤተሰብ ቦታ ነው፣ ጫጫታም አያስከፋም። የልጁን ግን እናንተ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ክፈቱትና ሾርባው እስኪበርድ ጠብቁ። ላዩ የበረደ መስሎ ውስጡ ግን የሚፋጅ ስለሆነ በእጅ ነክቶ መገመት አይቻልም። የስንዴ፣ የሶያ፣ የሰሊጥ ወይም የባህር ምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ይህ ቤት ከባድ ነው፤ አራቱም ወጥ ቤቱ ውስጥ አብረው ይውላሉ።

ነውር የሚባል ነገር አለ?

ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ለሙታን የሚተከል ዕጣን ይመስላል። በቾፕስቲክ ሰው ላይ አትጠቁሙ። ሻይ ስትቀዱ ከራሳችሁ በፊት ለሌላው ቅዱ፣ በተለይ ለሽማግሌ። የሻይ ማንቆርቆሪያው ካለቀ ክዳኑን ገለጥ አድርጋችሁ ተዉት፤ ልማዱ የካንቶን ቤቶች ቢሆንም ኒውዮርክ ላይ የማይገባው አስተናጋጅ የለም። ሾርባ ሲጠጡ ድምፅ ማሰማት ነውር አይደለም።

አስተናጋጆቹ ፈገግታ አያበዙም፤ ሰሃን እንዳለቀ ያነሣሉ። ተናደው አይደለም። ተጠርተው ካልሆነ አይመጡም፣ እናንተም እጅ አንሥታችሁ ጥሩ።

ሂሳቡ ስንት ይመጣል? ቲፕስ?

ፍላሺንግ ላይ ተራው ቅርጫት ባብዛኛው ከ8 እስከ 15 ዶላር ነው፤ የሸርጣኑ ከዚያ ይበልጣል፤ ማንሃተን ላይ ሁሉም ይጨምራል። በሂሳቡ ላይ የኒውዮርክ ከተማ የሽያጭ ታክስ 8.875 በመቶ ይደመራል። ቲፕ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ብዙ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግን ደረሰኙን በደንብ እዩ፤ ለትልቅ ጠረጴዛ አገልግሎቱን ራሳቸው ደምረውት ሊሆን ይችላል፣ ደግማችሁ እንዳትከፍሉ። ትንንሾቹ ቤቶች ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉበት ጊዜ ስላለ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል የሚለው ትግል ቻይናውያንም ዘንድ እንደ እኛው የጦፈ ስለሆነ ማንም ዞሮ አያያችሁም።

ቤት ይዤ መሄድ፣ ወይም ራሴ መሥራት እችላለሁ?

የበሰለውን ይዞ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ሾርባው መንገድ ላይ ይረጋል፣ ሊጡ ይጠጣዋል፣ ሲሞቅ ይቀደዳል። ብዙ ቤቶች ግን ያልበሰለውን በበረዶ አድርገው ይሸጣሉ፤ እሱን ግዙ። አታቅልጡት። ቅርጫት ከሌላችሁ ማንኛውም የእንፋሎት ማብሰያ ይበቃል፤ ታቹ ላይ የጥቅል ጎመን ቅጠል አንጥፉበት፣ በየፍሬው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይቆይ።

ራሳችሁ ለመሥራት ከፈለጋችሁ አሳማውን መተካት ያን ያህል አይከብድም። የዶሮ እግር ወይም የበሬ ሸኮና ረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ ካጣራችሁት ፍሪጅ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይረጋል፤ ሥጋውን የዶሮ ወይም የበሬ ማድረግ ነው። ለጾም ደግሞ ከባህር ተክል የሚገኘው አጋር አለ። የእንጉዳይ መረቅ በአጋር አርግታችሁ፣ ከትፋችሁ፣ ከተጠበሰ እንጉዳይና ከጎመን ጋር ብትጠቀልሉት እንፋሎት ላይ ቀልጦ ሾርባ ይሆናል። አጋር ከጄላቲን የሚለየው ሲበርድ ቶሎ በመርጋቱ ነው፤ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መጠጠር ስለሚጀምር እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ እንጂ በፊት አታብስሉት።